ሰባ ሁለት ደረጃ፦ ከልጆቻችን ጋር ውሃ የማድረስ ሥራ ማስታወሻ

የካቲት 2 ቀን 2017፣ እሑድ

ቦታው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። እኛ የምንኖረው ምድር ቤት ነው። ውሃ በፈረቃ በሳምንት ሁለት ሌሊት ይመጣል፤ ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያና ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ። ግፊቱ ደካማ ስለሆነ እኛ ጋ በርሜል ሲሞላ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ አራተኛ ፎቅ ጭራሽ አይደርስም። አሳንሰር የለም። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ አሉ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ጀሪካን እየተከፈለው ያወጣላቸው የነበረው ልጅ ሰፈር ለቅቆ ሄዷል።

ልጆቼ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ዐሥር ዓመቱ፣ ሴቷ ሰባት፣ የመጨረሻው አራት። ስማቸውን እዚህ ስለማልጽፍ ትልቁ፣ መካከለኛዋና ትንሹ እላቸዋለሁ።

ለገና ሰሞን ልጆቹን ይዘን ወደ አንድ ትልቅ የአረጋውያን መርጃ ማዕከል ሄደን ነበር። ሳሙና፣ ፓስታና ልብስ ይዘናል። ትንሹ በብዙ ሰው መካከል ደንግጦ አለቀሰ። ትልቁ ዕቃውን አስረክቦ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። መካከለኛዋ ታክሲ ውስጥ «አሁን ጨረስን?» አለችኝ። ማዕከሉ የሚችለውን ሁሉ አድርጎ ተቀብሎናል፤ ስህተቱ የእኔ ነበር። ለልጅ የበዛ ሰው ፊት የለውም። የሚያውቁትን ሰው ሊረዱ ይገባል፣ ሥራውም በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ የሚጠብቃቸው መሆን አለበት ብዬ ይህን ጀመርኩ።

ዛሬ እማማን ለማስፈቀድ ወጣሁ። «ልንረዳዎት» አላልኩም፤ «ልጆቼ ሥራ እንዲለምዱ ውሃዎን ያመላልሱ፣ ይፍቀዱልኝ» አልኳቸው። «በእኔ ሰበብ ልጅ አይድከም» ብለው ትንሽ ተከራከሩኝና በመጨረሻ «እሑድ ላይ ይሁን» አሉ።

ወጪ፦ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን 150 ብር፣ ደብተር 60 ብር። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ቤት ውስጥ ነበሩ።

የካቲት 9፣ እሑድ

ዛሬ የሆነው ሁሉ መስተካከል ያለበት ነው። ባለ 10 ሊትሩን ጀሪካን ለትልቁ ሰጠሁት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ እጀታው መዳፉን ሰንጥቆታል፤ ላለማልቀስ ከንፈሩን ነክሶ ቆሟል። መካከለኛዋ ክዳን በሌለው ባልዲ ይዛ ግማሹን ደረጃው ላይ ደፋችው። የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን በዚያ ርጥብ ላይ ተንሸራትተው የደረጃውን ብረት ይዘው ተረፉ። ቢወድቁ ኖሮ ዛሬ ስለ ሌላ ነገር እጽፍ ነበር።

ማታ ልጆቹን ሚዛን ላይ አቆምኳቸው። ትልቁ 31 ኪሎ፣ መካከለኛዋ 21 ኪሎ፣ ትንሹ 16 ኪሎ። ስለ ትምህርት ቤት ቦርሳ የሚሰጠው የታወቀ ምክር ሸክሙ ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ትልቁ ሦስት ሊትር ወይም ትንሽ በለጥ የሚል፣ መካከለኛዋ ሁለት። ዛሬ ግን ለልጄ ሦስት እጥፍ አሸክሜዋለሁ። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ይህን ከመጀመሬ በፊት ማስላት ነበረብኝ።

ከአሁን በኋላ ክዳን የሌለው ዕቃ ደረጃ ላይ አይወጣም። አንድ ሰው መወልወያ ይዞ ከኋላ ይከተላል።

የካቲት 16፣ እሑድ

አዲሱ አደረጃጀት ሠራ። ባለ ሦስት ሊትር የዘይት ጀሪካን በደንብ አጥበን ለትልቁ ሰጠነው፤ ሁለት ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ ለመካከለኛዋ፣ ግማሽ ሊትር ለትንሹ። ለጠርሙሱ ባለቤቴ ከአሮጌ ቀበቶ የትከሻ ማንገቻ ሠራለት፤ ወጪ የለውም።

እማማ ቤት ያለው በርሜል ላይ በየ10 ሊትሩ ምልክት አደረግን። በመጀመሪያ በማርከር ጻፍን፤ በሁለት ቀን ለቀቀ። አሁን ነጭ ፕላስተር ለጥፈን በላዩ ላይ ግልጽ ስኮች ደርበንበታል። ቁጥሮቹን የጻፈችው መካከለኛዋ ናት፤ 40ን ገልብጣ ጽፋዋለች፣ አላረምኩትም።

ከምልክቱ እንዳየነው እማማ በቀን 15 ሊትር ያህል ይጠቀማሉ። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው መሠረታዊ ፍላጎቱን ለማሟላት በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል ይላል። እርሳቸው በ15 ያበስላሉ፣ ይታጠባሉ፣ ቤት ይወለውላሉ። የእኛ ትልቁ ልጅ ይህን ሰምቶ ገላውን ሲታጠብ ስንት እንደሚያፈስ በጆግ ለካ። 22 ሊትር ሆነ። ምንም አልተናገረም፣ እኔም አልተናገርኩም።

የአንድ ቀን ጉዞ እንዲህ ነው፦ ባለቤቴ በየዙሩ 20 ሊትር በሁለት ዙር፣ ትልቁ ሦስት ሊትር በሦስት ዙር፣ መካከለኛዋ ሁለት ሊትር በሁለት ዙር፣ ትንሹ ግማሽ ሊትር አንድ ጊዜ። ድምሩ 53 ሊትር ተኩል ነው፤ ከዚህ ውስጥ የልጆቹ 13 ተኩል፣ ማለትም ሩቡ። ሐሙስና እሑድ ስለምናደርስ ሳምንቱን ያደርሳቸዋል። ልጆቹ ደረጃውን ቆጥረውታል፣ 72 ነው።

40 ደቂቃ ፈጀ። ባለቤቴ ብቻውን ቢሠራው በ15 ደቂቃ ይጨርሰው ነበር። በዚህ ሥራ ከሁሉ የከበደኝ ይኸው ነው፤ ትንሹ በየደረጃው ቆሞ ጉንዳን ሲያይ ጠርሙሱን ከእጁ አለመውሰድ።

የካቲት 23፣ እሑድ

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጠሙ። የእኛ ጾም ሰኞ የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን ደግሞ ትናንት ተጀመረ። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ሐጂ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ትልቁ ልጅ ራሱ ነው የጠየቀኝ፤ «ሐጂስ ለውዱእ (ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት) ውሃ ከየት ያገኛሉ?» አለኝ። እኔ አላሰብኩትም ነበር። ጠየቅናቸው፤ ሌሊት እየተነሡ ጠብ ጠብ የምትለውን በጆግ እንደሚያጠራቅሙ ነገሩን።

ስለዚህ ሐጂ ተጨመሩ፤ 20 ሊትር ከባለቤቴ፣ ስድስት ሊትር ከልጆቹ። ሰዓቱን ወደ 10 ሰዓት ከሰዓት በኋላ አዛወርን፤ ከማፍጠሪያቸው በፊት እንዲደርስ።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ሐጂ ለልጆቹ በሳህን ቴምርና የምስር ሳምቡሳ ላኩ። ቅቤም ሥጋም የሌለበት፣ ጾማችንን አስበው ያሠሩት ነው። መካከለኛዋ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ መጾም ስለጀመረች መጀመሪያ ጠረጠረችና «ይበላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይበላል ስላት ግማሹን ለእማማ ይዛላቸው ወጣች። ይህን ማንም አላዘዛትም።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ባለቤቴ በደረጃው መመላለስ ወገቡን ስላመመው መዘውር እንስቀል አለ። ሐሳቡ ጥሩ መስሎኝ ተስማማሁ። መዘውር 450 ብር፣ 15 ሜትር የናይለን ገመድ 300 ብር። አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ብረት ላይ ታሰረ።

መጀመሪያ ገመዱ አነሰ። ከፍታው ወደ 12 ሜትር ስለሆነ ገመዱ ወጥቶ የሚመለስበት ከእጥፍ በላይ ያስፈልጋል። ሌላ 15 ሜትር ገዝተን ቋጠርነው፤ ቋጠሮው በመዘውሩ አላልፍ አለ። ሦስተኛ ጊዜ ወጥ 30 ሜትር ገመድ በ600 ብር ገዛን። ከዚያ ጀሪካኑ ወደ ላይ ሲሳብ እየተወዛወዘ የሁለተኛ ፎቅ መስኮት መታ። መስታወቱን ለማስቀየር 900 ብር። ከታች ሰው እንዳይቆም መጠበቅ የእኔ ሥራ ነበር፤ ትንሹ ግን ሁለት ጊዜ አምልጦኝ ከሥሩ ገብቷል።

የብሎኩ ኮሚቴ አውርዱ አለን። ልክ ናቸው፤ ሳይነግሩን ማውረድ ነበረብን።

አንድ ነገር ግን ከገንዘቡ ይልቅ ቆጨኝ። ጀሪካኑ በገመድ ሲወጣ ልጆቹ ታች ቆመው አንጋጠው ያዩ ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል ተመልካች ሆኑ፣ እማማም በር ላይ ማንንም አልተቀበሉም። ውሃው ደረሰ፣ ልጆቹ አልደረሱም። ባለቤቴ ወገቡን ለማሳረፍ አሁን 20 ሊትሩን በሁለት ባለ 10 ሊትር ከፍሎ ይይዛል፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እኔ እቀበለዋለሁ።

የመዘውሩ ጣጣ ጠቅላላ ወጪ 2,550 ብር። 30 ሜትሩ ገመድ ልብስ ማስጫ ሆኗል።

ሚያዝያ 5፣ እሑድ

ትልቁ «ለምን ለሁሉም ፎቅ አናወጣም? ሌሎችም ብሎኮች ውስጥ ሽማግሌዎች አሉ» ብሎ ተከራከረኝ። ጥያቄው ደስ አሰኘኝ፤ አቅማችን ግን እዚህ ድረስ ነው። ስለ ዶክተር አበበች ጎበና ነገርኩት፦ ወደ ግሸን ማርያም ለበዓል ሄደው በመንገድ ላይ በረሃብ የሚሞት ሰው ማየታቸውን፣ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ መመለሳቸውን፣ ከዚያ ተነሥቶ ለብዙ ሺህ ልጆች የተረፈ ድርጅት መመሥረታቸውን፣ ሰኔ 27 ቀን 2013 ማረፋቸውን። ከታሪኩ ሁሉ እርሱን የያዘው ቁጥሩ ነው። «እኛም ሁለት ሰው ነው ያለን» አለ።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ፋሲካ አለፈ። አንድ የገንዘብ ችግር ተነሥቷል።

እማማ ከበዓሉ በፊት ጀምሮ በመጣን ቁጥር ለየልጁ 10 ብር ይሰጣሉ። እኔ ከታች ስለምቀዳ አላየሁም። ትልቁ ደብተሩ ጀርባ ላይ መዝግቦታል፤ ቀን፣ የዙር ብዛት፣ ብር። ለሦስቱም ድምሩ 180 ደርሷል። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ወንድሙን «አንተ አንድ ዙር ብቻ ስለምትሄድ 10 አይገባህም» ብሎ አስለቅሶታል።

እኔና ባለቤቴ አልተስማማንም። እርሱ ገንዘቡን መልሱ አለ። እኔ ደግሞ ብድግ ብለን ብንመልስ እማማን እናዋርዳለን አልኩ፤ የጡረታ አበላቸውን ቆጥበው የሰጡት ነው። ብቻዬን ወጥቼ አነጋገርኳቸው። «እንግዳ ባዶ እጁን ከቤቴ አይወጣም» አሉኝ። ይህን መከራከር አልቻልኩም፣ አልፈለግሁምም። ቆሎ ይሁን ተባባልን። የሽምብራና የገብስ ቆሎ፣ አንድ አንድ እፍኝ። እፍኙ የልጁ የራሱ እፍኝ ስለሆነ የትንሹ ትንሽ ነው፤ አላኮረፈም።

180 ብሩን ልጆቹ ተመካክረው ለእማማ ማታ የሚጠቀሙበት ባለ ክዳን ባልዲ ገዙበት። ትልቁ የመዘገበበትን ገጽ ልቀደው ብሎ ነበር፤ ተወው አልኩት።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ይህን ስጽፍ ከብዶኛል። ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ነበረብን፤ ሐሙስ ደግሞ በሰርጉ ዝግጅት ደክሞን «እሑድ እንክሳለን» ብለን አለፍን። እሑድ ማታ ዘግይተን ገባን። ዛሬ ከትምህርት ቤት መልስ ስንወጣ የእማማ በርሜል ደርቋል። ከሱቅ የታሸገ ውሃ ገዝተው በርሱ ሻይ አፍልተዋል፤ ምግብ አላበሰሉም። አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም፤ ልጆቹን «ሰርጉ ደመቀ?» ብለው ጠየቁ።

መካከለኛዋ ከ10 ሊትሩ ምልክት በታች አጎንብሳ አየችና ወደ እኔ ዞራ «እኛ ስላልመጣን ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። እኅቴ በኋላ «ለሰባት ዓመት ልጅ ይህን ሸክም አትስጪያት» አለችኝ። እኔ ግን አዎ ማለቴን ትክክል ነው እላለሁ። ስንሄድ «የእናንተ ውሃ ነው ያጠጣቸው» ስላት ከቆየሁ ስንቀር «ምንም አይደል» ማለት ውሸት ይሆንብኛል። ጥፋቱ የእኔና የአባታቸው መሆኑን ግን ደግሜ ነግሬያታለሁ፤ ቀኑን የወሰንነው እኛ ነን።

ጉድለቱ ተረኛ አለመኖሩ ነው። አባቴ ሰሜን ሸዋ ስለነበረው ደቦ ሲያጫውተን ልጆች ለአጫጆች ውሃ ያቀርቡ እንደነበር፣ አንዱ ልጅ ቢታመም የጎረቤቱ ልጅ እንስራውን አንሥቶ እንደሚሄድ ይነግረን ነበር። የእኛ ሥራ አንድ ቤተሰብ ላይ ብቻ ቆሞ ነው የደረቀው።

ግንቦት 24፣ እሑድ

ደረጃው መግቢያ ላይ የተራ ሠንጠረዥ ለጠፍን። ሦስት ቤተሰብ ቃል ገባልን። አንዱ አንድ ጊዜ መጥቶ ቀረ፣ ሌላው ልጆቹን ልኮ ራሱ አልወጣም፤ ልጆች ብቻቸውን ጀሪካን ይዘው ደረጃ እንዲወጡ ስለማልፈቅድ ይህን ተራ ሰረዝኩት። የሁለተኛ ፎቆቹ ግን፣ መስኮታቸውን የሰበርንባቸው ራሳቸው፣ ሐሙስን ሙሉ በሙሉ ወሰዱ። ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው፤ ትንሿ ከእኛ ትንሽ ጋር ጉንዳን ታያለች።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ዝናብ ጀምሯል። ትልቁ የዝናቡን ውሃ እንያዝ አለ። የብሎካችን የኮሚናል ቤት (ነዋሪው በጋራ የሚጠቀምበት ቤት) ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ኮሚቴውን በዚህኛው ጊዜ አስቀድመን ጠይቀን ፈቃድ አገኘን።

ልኬቱ፦ አሸንዳ የምንሰቅልበት ግማሽ ጣሪያ 15 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ይሰጣል። 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 150 ሊትር፤ የሚረጨውንና የሚፈሰውን አንድ አምስተኛ ብንቀንስ 120። ትልቁ ይህን ራሱ አባዝቶ አገኘው።

ወጪ፦ ባለ 200 ሊትር ያገለገለ በርሜል 2,800 ብር (የምግብ ዘይት የነበረበትን መርጠን፤ የኬሚካል በርሜል ርካሽ ቢሆንም አይገዛም)፣ አሸንዳና ቱቦ 1,900፣ የቧንቧ መክፈቻና ፊቲንግ 650፣ ቴፍሎንና ሲሊኮን 380፣ ወንፊት ሽቦ 200፣ ብሎኬት ስምንት ከግንባታ የተረፈ በነፃ። ሁለት ቤተሰብ ተካፈልነው።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ሦስት ስህተት በአንድ ሳምንት።

አሸንዳው ተዳፋት አልነበረውም፤ ውሃው መሐል ላይ ተኝቶ በጠርዙ ፈሰሰ። በውሃ ልክ ለክተን ወደ ቱቦው በኩል አራት ሴንቲ ሜትር ዝቅ አደረግነው።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የርግብ ኩስ ጠርጎ በርሜል ውስጥ ከተተው። 60 ሊትር ደፋን። አሁን ከበርሜሉ በፊት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን በቅርንጫፍ ቱቦ ገጥመናል፤ የመጀመሪያው ቆሻሻ ውሃ እርሱን ሞልቶ ነው ንጹሑ ወደ በርሜሉ የሚያልፈው። በየካሬ ሜትሩ ግማሽ ሊትር ያህል ማስወገድ ስለሚመከር 10 ይበቃናል። ከየዝናቡ በኋላ ጀሪካኑን መድፋት የመካከለኛዋ ሥራ ነው።

ሦስተኛው አፈሩ ነው። ሰፈራችን ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል። ብሎኬቱን በላዩ ላይ ብቻ ደርድረን ነበርና 200 ኪሎው በርሜል በአራት ቀን ወደ አንድ ጎን አዘመመ። አውርደን 30 ሴንቲ ሜትር ቆፈርን፣ ገረጋንቲ ሞልተን ጠቀጠቅን፣ እንደገና ደረደርን። ገረጋንቲው በጋሪ 500 ብር።

ክዳኑ በማጠፊያና በቁልፍ ይዘጋል። ይህን በተመለከተ ምንም ድርድር የለኝም፤ ትንሽ ልጅ በባልዲ ውሃ እንኳ ሊሰጥም ይችላል። ወንፊቱም ለቢንቢ ነው።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

የዝናቡ ውሃ ለመጠጥና ለምግብ አይሆንም፤ ለሽንት ቤት፣ ለልብስና ለወለል ብቻ። ለዚህ ሁለተኛ በርሜል እማማ ቤት ገባ፤ ቀይ ፕላስተር የተለጠፈበት። ሐጂም አንድ ባለ ቀይ ጀሪካን አላቸው። እማማ አሁን በቀን ወደ 25 ሊትር ይጠቀማሉ። በዚህ ሳምንት ጋቢያቸውን አጠቡ፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ አልታጠበም ነበር።

ትንሹ ጠርሙሱን ወደ አንድ ሊትር አሳድጉልኝ ብሏል። ፈቀድኩለት።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ዛሬ ማስታወሻውን ትልቁ ልጻፈው አለኝ። እንዳለ ገልብጬዋለሁ፦

«ለእማማ የዝናብ 40፣ የመጠጥ 54። ለሐጂ የዝናብ 20፣ የመጠጥ 26። የበርሜሉ ቧንቧ ይንጠባጠባል፣ ቴፍሎን ይገዛ። ሐጂ እያሳላቸው ነው፣ ነገ ሳንጠራ ሄደን እንይ። ትንሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደክሞት ተቀመጠ፤ ጠብቄዋለሁ፣ ጠርሙሱን አልተቀበልኩትም።»